መዥገሯ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት!

እዚህ አቃቂ ቃሊቲ ከብት የሚያረቡ ታካሚዎቼ «ዶክተር፣ ትንሿ መዥገር ምንም አታደርግም አይደል?» ይሉኛል።

እንደ ሰው ቁመት የመዥገርም መጠን በከፊል በዘር ይወረሳል። በአገራችን ከብቶች ላይ የሚገኙት አምብሊዮማ ቫሪጌተም እና አምብሊዮማ ኮሄረንስ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን ሁለተኛዋ ታንሳለች። ዕድሜዋና የጠጣችው ደምም መጠኗን ይለውጡታል።

አደጋዋ ግን በመጠን አይለካም። የመዥገር ንክሻ ትኩሳት የሚያመጣው ሪኬትሺያ አፍሪኬ ባክቴሪያ ከእናቲቱ በእንቁላል ወደ ልጆቿ ያልፋል። ስለዚህ ገና የተፈለፈለችውም ልትይዘው ትችላለች።

ከነከሰቻችሁ፦
• በወረንጦ ከቆዳችሁ አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ።
• ቅቤ፣ ጋዝ፣ እሳት የለም!
• ቦታውን በሳሙና እጠቡ።

በ2 ሳምንት ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ከመጣ ሐኪም ጋር ሂዱ፤ መዥገር እንደነከሰቻችሁም ንገሩት።