በዘር ውስጥ የተሰወረ ምልክት

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ለጥያቄዎቹ መልስ ስጡ።

ገበሬ የዘራውን እህል በዓመቱ አጭዶ ከምርቱ የተሻለውን ለዘር ይመርጣል። የደን ባለሙያ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ ዛፍ ጠባዩን እስኪያሳይና ዘር እስኪሰጥ ድረስ ብዙ ዓመታት ያልፋሉና። ስለዚህም መልካሙን ችግኝ ገና በለጋነቱ ለይቶ ማወቅ ታላቅ ጥቅም አለው።

ለዚህም በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ሹገር ፓይን የተባለው ግዙፍ ዛፍ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ1910 ከፈረንሳይ ወደ ቫንኩቨር፣ ካናዳ፣ በተላኩ ችግኞች አማካይነት አንድ የዋግ በሽታ ወደዚያ አካባቢ ገባ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ተዛመተ። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ በቅጠል ገብቶ ወደ ግንድ ይዘልቃል፤ ቅርፊቱንም አቁስሎ ዛፉን ይገድላል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ዛፎች ከበሽታው ይድኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ተመራማሪዎች የዚህን ምክንያት ገለጡ፤ ይኸውም ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ችግኙን ለመጠበቅ የሚበቃ አንድ ጂን ነው።

ታዲያ ችግኙ ይህን ጂን መውረሱ በምን ይታወቃል? አንደኛው መንገድ ችግኙን ለበሽታው አጋልጦ ውጤቱን መጠበቅ ነው። ሁለተኛው መንገድ በዘር ምልክት መጠቀም ነው። የዘር ምልክት ማለት በዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚገኝ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚለያይ፣ ቦታው የታወቀ ክፍል ነው። ምልክቱ ራሱ በሽታን ላይከላከል ይችላል፤ ነገር ግን የጠባቂው ጂን ጎረቤት ከሆነ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይወረሳሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ባነሰ መጠን ምልክቱ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1995 ተመራማሪዎች ከዚሁ ጂን አጠገብ የሚገኙ ምልክቶችን ለይተው አሳወቁ።

ሆኖም በአንድ ጂን ብቻ መመካት አደጋ አለው። ያን ጂን የሚያሸንፍ የፈንገስ ዝርያ በካሊፎርኒያ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ተገልጿል። በመሆኑም እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚረዱ ብዙ ጂኖችን በአንድ ዛፍ ማሰባሰብ ያስፈልጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ፈንገሱ አንዱን ጂን ቢያሸንፍ ሌሎቹ ዛፉን ይደግፉታል። በአንድ ችግኝ ውስጥ ስንት ጠባቂ ጂኖች እንደተሰባሰቡ ግን በዓይን አይታይም፤ የዘር ምልክት ጥቅም ጎልቶ የሚታየውም በዚህ ጊዜ ነው።

ጥያቄዎች
1. የደን ባለሙያ ሥራ ከገበሬው ሥራ በምን ይለያል?
2. በሽታን የማይከላከል ምልክት ችግኝ ለመምረጥ የሚረዳው ለምንድን ነው?
3. በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሰው ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ያስረዳል? በራሳችሁ አባባል ግለጹ።