በቤት ላይ ስለሚወጣ ደዌ
የጥናት ክፍል፦ ዘሌዋውያን 14፥33-45

ይህን ክፍል ብዙዎቻችን ቶሎ እናልፈዋለን። በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚወርድባት በኢሉባቦር ጎሬ ለሚኖር ሰው ግን አረንጓዴ ምልክት ያወጣ ግድግዳ እንግዳ ነገር አይደለም።

ካህኑ ምን እንዳደረገ እናስተውል። ደዌውን እንዳየ ልስኑት አላለም። ቤቱን ዘግቶ 7 ቀን ጠበቀ። ሰፍቶ ቢገኝ የታመሙት ድንጋዮች ወጥተው እንዲጣሉና አሮጌው ምርጊት እንዲፋቅ አዘዘ፤ ሌላ ድንጋይና ሌላ ጭቃ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

የተወደዳችሁ ደጋፊዎቻችን፣ ለአንዲት መበለት የቤት ማደሻ ስትልኩ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ በፎቶግራፍ ማየት ትወዳላችሁ። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ሲወጣም መልሶ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ደረቅ ነውና ከጭቃው ጋር አይዋሐድም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ውጭው አምሮ ሳለ ቋሚውና ማገሩ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል።

ስለዚህ ሥራው ከግድግዳው እግር ይጀምር እንላለን። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬቱን መትቶ ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ ጉዳቱ የሚበረታው እዚያ ታች ነው። ቦይ መቆፈር፣ እግሩን በድንጋይ መካብ፣ የቆርቆሮውን ታዛ ማስረዘም ለፎቶግራፍ አያምርም፤ የገንዘቡ ትልቅ ድርሻ ግን እዚህ ሊውል ይገባዋል። ቀጥሎ የበሰበሰው ቋሚ ይለወጣል፤ የላላው ጭቃ እስከ ማገሩ ይፋቃል። አዲሱ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር እየተረገጠ ለቀናት ይቦካል፤ ምርጊቱም ሳይደርቅ ልስን አይደረብበትም። (ይህን የመንደሩ ሰዎች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ አዋቂ ከሩቅ መላክ አያስፈልግም።) ቋሚዎቹ ሁሉ ከበሰበሱ ግን ቁጥር 45ን እናስታውስ፤ እንዲህ ያለውን ቤት ማፍረስ ይሻላል።

ጭቃ የሚደርቀው በበጋ ነው። በሰኔ የደረሰ ስጦታ ለምርጊት ዘግይቷል፤ ለዚህ ሥራ ያሰባችሁት እስከ ኅዳር ቢደርሰን በታኅሣሥና በጥር ይሠራበታል።

በቡድን ስታጠኑ ቁጥር 36ን ደግማችሁ አንብቡ። ካህኑ ከመግባቱ በፊት በቤቱ ያለው ሁሉ ይወጣል። ግድግዳው ተፍቆ እስኪደርቅ ድረስ መበለቲቱና ልጆቿ የት ያድራሉ? ያ ወጪስ ከምትልኩት ስጦታ ውስጥ ታስቧል ወይ?