ሮም ውስጥ ፒክአፕ ሲያስቸግር

ሮም ውስጥ በፒክአፕ ዕቃ እያመላለሰ ለሚተዳደር ሰው መኪናው የቆመበት ቀን ገቢ የለውም። ስለዚህ ብዙዎች መብራት በበራ፣ ድምፅ በተሰማ ቁጥር መለዋወጫ ወደ መግዛት ይሮጣሉ። እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው፣ መጀመሪያ መኪናው እንዴት እንደዋለ እንዲጠይቁ ነው። በአገራችን የገጠር መንገድ ፒክአፕን የሚጎዳው አቧራና ኮረኮንች ነው። ሮም ላይ ደግሞ አጭር ጉዞ፣ መጨናነቅ፣ ዳገትና የድንጋይ ንጣፍ ነው።

የጥቀርሻ ማጣሪያው ሲደፈን

ከዩሮ 5 ወዲህ በወጡ የናፍጣ መኪኖች ጭስ መውጫ ላይ ማጣሪያ አለ፤ የሮም መካኒኮች «ፋፕ» ይሉታል። ጥቀርሻ ያጠራቅምና ሙቀቱ 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ያቃጥለዋል። ለዚህ ሞተሩ ሳይቋረጥ በደንብ መሥራት አለበት። ከፒያሳ ቪቶሪዮ ቴርሚኒ፣ ከቴርሚኒ ሳን ሎሬንዞ ስትመላለሱ ግን ማቃጠሉ ተጀምሮ ይቀራል። ጉልበት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ መኪናው ቆሞም ማራገቢያው አያርፍም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሞተር ዘይት መጨመሩ ነው። ያልተቃጠለ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። መለኪያው ከላይኛው መስመር ካለፈ ሞተሩን አታስነሱ፤ ዘይቱ ይቀየር።

የማጣሪያው መብራት ብቻ ከበራ ግን ገና ጊዜ አላችሁ። ከተማዋን በሚዞረው ግራንዴ ራኮርዶ አኑላሬ ላይ፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰዓት፣ የሞተሩን ዙር ከ2,000 ሳታወርዱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ንዱ። ሞተሩ ጉልበት መስጠት ካቆመ ግን መፍትሔው ጋራዥ ነው። ማጣሪያውን አስወጥታችሁ እንድትጥሉ የሚመክራችሁን አትስሙ፤ ሕገ ወጥ ነው፣ በከተማው የሚተነፍሰውም የእናንተው ልጅ ነው።

ሞተሩ ሲግል

የሚግለው ስትቆሙ ብቻ ከሆነ ማራገቢያውን ተመልከቱ። በፍጥነት ስትነዱ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም ውሃው ጎድሏል። ሞተሩ ግሎ የራዲያተሩ የታች ቱቦ ከቀዘቀዘ ተርሞስታቱ አልተከፈተም። ውሃ እየጎደለ ነጭ ጭስ ከበዛ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ያሰጋል፤ ያን ጊዜ አትንዱት።

ከእ.ኤ.አ. 1874 ጀምሮ በየመንገዱ የሚፈሱት፣ ናዞኒ የሚባሉት የመጠጥ ውሃ ቧንቧዎች ጥምን ያረካሉ፤ ለራዲያተር ግን አይሆኑም። የሮም ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፣ ሲሞቅም በቀጫጭኑ ቱቦዎች ውስጥ እንደ ኖራ ይጋገራል። ለአንድ ጊዜ ችግር ከሞላችሁት ቶሎ አስቀይሩና በአንቱፍሪዝና በተጣራ ውሃ ተኩት። ክዳኑን ደግሞ ሞተሩ ሳይበርድ አትክፈቱ፤ እንፋሎቱ ፊት ያቃጥላል።

አልነሳ ሲል

ቁልፍ ስታዞሩ መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ነው። መብራቱ ደምቆ አንድ «ጠቅ» ብቻ ከተሰማ ሞተሪኖውን ተጠራጠሩ። ሞተሪኖው ደህና እያዞረ ካልነሳ አብዛኛውን ጊዜ ናፍጣው አይደርስም ማለት ነው፤ ከናፍጣ ማጣሪያው ጀምሩ። ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ያሳያል። ሲሠራም 12 ላይ ከቀረ አዲስ ባትሪ አትግዙ፣ ችግሩ ዲናሞው ነው።

ዳገቱና የድንጋይ ንጣፉ

ጭነት ይዞ ሞንቴ ማሪዮን የሚወጣ ፒክአፕ ፍሪሲዮኑን ይበላል። ዳገት ላይ በፍሪሲዮን አትያዙት፤ የእጅ ፍሬን ለዚያ ነው። በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡ ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሳምፒየትሪኒ በሚባሉት ድንጋዮች ላይ ከፊት «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጎሚኒ ወይም የቴስቲና ነው። መሪው ከላላ ግን ቀጠሮ አትስጡት።

ከነሐሴ በፊት

አዲስ መኪና የመንግሥት ምርመራውን በ4ኛው ዓመት፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ ያደርጋል። እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው ያን ቀን አይጠብቅ፤ በጋ ከገባ ደግሞ ይቸኩል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 በሚውለው ፌራጎስቶ ሰሞን ብዙ ጋራዦች ይዘጋሉና ውሃውን፣ ባትሪውንና ፍሬኑን በጁላይ አስፈትሹ።