የዓሣ እርባታ ትርፍ ከጫጩቱ ዘር ይጀምራል

በማሻና በቴፒ አካባቢ የዓሣ ኩሬ ለማስቆፈር ያሰበ ባለሀብት አስቀድሞ የሚያሰላው የመሬቱን፣ የቁፋሮውንና የመኖውን ወጪ ነው። የጫጩቱን ዘር ግን «ከጎረቤት ኩሬ ይገኛል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ኪሳራ የሚገባው በዚሁ በር ነው።

የቡና ነጋዴ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን በገባ ጊዜ መፍትሔው የተገኘው ከደቡብ ምዕራብ የቡና ዛፎች መካከል ነው። በ1974 የተመረጡት 74110 እና 74112 በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ናቸው። የዘር ብዛት መድን ነው፤ ለዓሣም ሕጉ ያው ነው።

በኩሬ ውስጥ የሚራቡት ወላጆች ጥቂት ከሆኑ ዘራቸው እየተቀራረበ ይሄዳል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ለወንዶቹ ቁጥር 8 እጥፍ ይካፈላል፤ ለሴቶቹም እንዲሁ ይደረጋል፤ ከዚያ ሁለቱ ይደመራሉ። 2 ወንድና 20 ሴት ቆሮሶ የሚያራባ ሰው በአንድ ትውልድ 6.9 በመቶ የዘር መቀራረብ ያስከትላል። 11 ወንድና 11 ሴት የሚያራባው ግን 2.3 በመቶ ብቻ ነው። የወላጆቹ ድምር በሁለቱም 22 ነው፤ ጉዳቱ ግን በ3 እጥፍ ይለያል። ይህም እንደ ወለድ በየትውልዱ ይጠራቀማል። ውጤቱ የዕድገት መዘግየትና የጫጩት ሞት ነው።

ታዲያ በፍጥነት የሚያድግ ዘር ከውጭ ማስመጣቱ አይሻልም? በዓለም የታወቀው የተሻሻለ ቆሮሶ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በፊሊፒንስ የተዳቀለው ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተወሰዱ ዓሦች ተጨምረውበት ነው። የአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች የዚህ ንግድ ጥሬ ዕቃ ናቸው ማለት ነው። የማሻ ወንዞች ወደ ባሮ ይፈሳሉ፤ በባሮም የአገሩ ቆሮሶ አለ። ከኩሬ ያመለጠ እንግዳ ዘር ከነባሩ ጋር ከተዳቀለ የተደባለቀውን መልሶ መለየት እጅግ አዳጋች ነው።

ቦታም ይወስናል። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ከ20 ዲግሪ በታች ዕድገቱ ይጓተታል። ስለዚህ ቆላማው ቴፒ ይስማማዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ላለው ማሻ ግን ቅዝቃዜ የሚችለው ካርፕ ይመረጣል።

በመሆኑም ገዢው ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ጫጩቱ ከየትኛው ውኃ መጣ? ወላጆቹ ስንት ወንድና ስንት ሴት ናቸው? ከተቀየሩስ ስንት ጊዜ ሆናቸው? በሰበታ የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ለዚህ ምክር የሚጠየቅበት ቦታ ነው። መልስ የሌለው ሻጭ ጫጩቱን በርካሽ ቢሰጥም ውድ ነው።