በሦስት ጠመኔ መሳል

ሕፃናትን ያለ ሥዕል ማስተማር ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ከውጭ የመጣው የታተመ ሥዕል ባረጀ ጊዜ ትምህርቱ አብሮ እንዳያረጅ በገዛ እጃችን መሳልን መልመድ ይገባናል። ለዚህም ብዙ ቀለም አያስፈልግም።

የአውሮፓ ሠዓሊዎች ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ጠመኔ ብቻ ይዘው የሰውን ፊት ይስሉ ነበር። ሩቤንስ (1577–1640 እ.ኤ.አ.) ተጠቅሞበታል፤ ፈረንሳዊው ዋቶ (1684–1721 እ.ኤ.አ.) በዚህ ስልት እጅግ ይታወቃል። ምስጢሩ ከጠመኔው ይልቅ በወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱ ግራጫ ወይም ቡናማ በመሆኑ መካከለኛውን ቀለም ራሱ ይሰጣል፤ ለሠዓሊው የሚቀረው ጥላውና ብርሃኑ ነው። ደብተር የምንለብድበት ኻኪ ወረቀት ይበቃናል። እንዲያውም ለሀገራችን ሰው የቆዳ መልክ ስለሚቀርብ ቀዩን መቆጠብ እንችላለን።

ጥቁሩ ከሰል፣ ነጩ የትምህርት ቤት ጠመኔ ነው። ቀዩ ጠመኔ በጥንቱ ልማድ ብረት ያለበት አፈር ስለሆነ የሐረር ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። በጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ወለልና ነደባ በቀይ አፈር ይቀባል፤ እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ደርቆ የጠጠረ ጓል በእጅ ሲያዝ ይጽፋል።

በቀዩ ቅርጹን ቀለል አድርገን እንነድፋለን፤ ከንፈርንና ጉንጭንም እናሞቅበታለን። ጥቁሩ ለፀጉር፣ ለዓይን ብሌንና ለአገጭ ሥር ጥላ ነው። ነጩ በመጨረሻ ይመጣል፤ በግንባር፣ በአፍንጫ ጫፍና በዓይን ውስጥ ጥቂት ነጥብ ብቻ። ጀማሪ ነጩን ማብዛት ይወድዳል። ነጩና ጥቁሩ ከተዳበሉ አመድ ይመስላሉና በመካከላቸው ወረቀቱ ባዶ ይቆይ።

«ይህ የባዕድ ስልት አይደለምን?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጥንታዊው የሀገራችን ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን በጎን ይሳላሉ፤ ከአንድ ወገን የሚመጣ ብርሃንና የሚወድቅ ጥላ ግን በዚያ ቦታ የለውም። ስለዚህ ለቅዱሳን የአባቶቻችንን ሥርዓት ብንጠብቅ እንመርጣለን። ሦስቱ ጠመኔዎች በአጠገባችን ያለውን ሰው አስተውለን እንድናይ ያስተምሩን፤ በገበያ የተቀመጡትን እናት ለምሳሌ፣ አስቀድመን ፈቃዳቸውን ከጠየቅን በኋላ። ምስላቸው እንዲሳል የማይወድዱ ብዙዎች ናቸውና።

ፊትን ከመድፈር በፊት ግን በጀበና እንጀምር። ጀበና አይንቀሳቀስም፤ ባይመስልም አይቀየምም።