ምዕራፍ ስድስት፦ ሥራ ከመስጠት በፊት መጠየቅ

ቂርያት ጋት በእስራኤል በእቅድ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በዙሪያዋ ያለውን የላኪሽን አካባቢ ያሰፈሩት ሰዎች፣ ከእነሱም ዋነኞቹ ራዕናን ቫይትስና አሪዬ ኤሊያቭ፣ መጤውን ከመርከብ አውርደው በቀጥታ ወደ አዲሱ መንደሩ ይወስዱት ነበር። ከአንድ አገር የመጣው በአንድ መንደር ይሰፍራል። ትምህርት ቤቱንና ክሊኒኩን ጥቂት መንደሮች በጋራ ይጠቀሙበታል፤ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ የጋራ ማዕከል ነሆራ ነበር። ፋብሪካው፣ ገበያውና ቢሮው ደግሞ የአካባቢው ሁሉ ከተማ በሆነችው በቂርያት ጋት ይሰበሰባል።

ከዚህ እቅድ አንዱን ነገር ከልቤ አደንቃለሁ። ሰው ከሚያውቀው ሰው አጠገብ ሲያርፍ የሚያማክረውን ሽማግሌና የሚያስታርቀውን ጎረቤት ይዞ ነው የሚያርፈው። ሌላው ግን ጎድሎ ነበር። ከሞሮኮ ከተሞች የመጡ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ገበሬ ሁኑ ተባሉ። እቅዱ ስንት ቤት፣ ስንት ላም፣ ስንት ሄክታር እንደሚያስፈልግ አስቧል፤ የመጣው ሰው ምን እንደሚያውቅ ግን እምብዛም አልጠየቀም።

የእኛም ወላጆች ተራ ሲደርስ ያው ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀረ። በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ወደ እስራኤል ገባ፤ በሰለሞን ዘመቻ ብቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተጓጓዘ። ከመጡት መካከል ብዙ ቤተሰቦች ኑሯቸውን በቂርያት ጋት መሠረቱ። ሲደርሱ የተሞላላቸው ቅጽ የሚጠይቀው ስንተኛ ክፍል እንደደረሱና ዕብራይስጥ ያነቡ እንደሆነ ነበር። መልሱ «የለም» ሲሆን «ሙያ የለውም» ተብሎ ተወሰደ። ቀጥቃጩ የጥበቃ ሥራ ገባ፤ ሸክላ ሠሪዋ ቢሮ ታጸዳ ጀመር። የጽዳትና የጥበቃ ሥራ ክቡር ሥራ ነው፤ ልጆች ያሳደገ ሥራ ነው። የሚቆጨኝ ማንም ሳይጠይቃቸው በየቤቱ ተቀብሮ የቀረው ዕውቀት ነው።

ያ ዕውቀት ከየት እንደመጣ ማስታወስ ይገባል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከአፄ ይስሐቅ ጋር በተደረገው ጦርነት ቤተ እስራኤል ከተሸነፈ በኋላ የመሬት ርስቱን አጣ። እርሻ ቢያርስም የሰው ጭሰኛ ሆኖ ነው። ስለዚህ ፊቱን ወደ እጅ ሥራ አዞረ፤ ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፣ ሴቷ ሸክላ ሠራች። «ቡዳ» የሚለው ስድብ የተለጠፈበትም ለዚሁ ሙያው ነው፤ የሚሰድበው ገበሬ ግን ያለ እሱ ማረሻ እርሻ መውጣት አይችልም ነበር። አፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ዋና ከተማ ሲያደርጉና ግንቦቹ ሲነሡ ከግንበኞቹና ከአናጺዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ከእነሱም ባጅሮንድ የሚል የቤተ መንግሥት ማዕረግ እስከ መቀበል የደረሱ አሉ። ቤተ መንግሥቱ ሰዎቹን የፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሥራ ያውቁ ነበር። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» የሚባለውም ለዚህ ነው።

አሁን ፈጠራ ወደምንለው ነገር ልምጣ። ብዙ መጻሕፍት ፈጠራን ከባዶ የሚመጣ የሐሳብ ብልጭታ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ እንዳየሁት ግን ፈጠራ የሚጀምረው አንድን ነገር በእጁ አጥብቆ የሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር ሲገጥመው ነው።

በጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ የመጡ አንዲት እናት ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ቀን ከከተማው ዳር ያመጡትን አፈር በእጃቸው ሲያሹ አገኘኋቸው። ጥቁር ቡናማ፣ ከባድ አፈር ነው። «ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አሉኝ። የተሰበረ የአበባ ማሰሮ በድንጋይ ፈጭተው፣ ነፍተው፣ ከጭቃው ጋር ቀላቀሉት። ከዚያ ጭቃውን በመዳፋቸው እየደበለበሉ እንደ ገመድ አረዘሙት፤ ዙሩን በዙር ላይ ደረቡና መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ዳመጡት። መንኰራኩር የለም። ጀበናው ቅርጹን ሲይዝ በለሰለሰ የወንዝ ጠጠር አሹት፤ ጥላ ውስጥም አስቀመጡት።

«ለምን ፀሐይ ላይ አይሆንም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ልጄ፣ ውጭው ቀድሞ ከደረቀ ውስጡን ይጎትተዋል።»

በዚያች አጭር መልስ ውስጥ ስለ ቁስ ምንነት ስንት ነገር አለ! የላኪሽን አፈር ከዚያ በፊት በእጃቸው ነክተውት አያውቁም። ግን የወለቃውን ስለሚያውቁ የዚህኛውን ጠባይ በመንካት ብቻ ለዩ፤ ከድሮው የበለጠ የሸክላ ዱቄት እንደሚፈልግም ራሳቸው ወሰኑ። ይህ ፈጠራ ካልሆነ ፈጠራ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ከእኚህ እናት ቤት ብዙም ሳይርቅ የኢንቴል ፋብሪካ ቆሟል። የመጀመሪያው፣ ፋብ 18፣ በ1999 ሥራ ጀመረ፤ ፋብ 28 በ2008 ተከተለ። በፋብ 28 ሥራው የሚካሄደው ስፋቱ 300 ሚሊሜትር በሆነ ክብ የሲሊከን ገበታ ላይ ነው፤ ፋብሪካው ሲከፈት ያመረታቸው ቺፖች የ45 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ፋብሪካ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ቺፑን ስለምታበላሽ ሠራተኛው ከራስ እስከ እግሩ ተሸፍኖ ነው የሚገባው። ንድፉ በብርሃን በሚታተምበት ክፍል መብራቱ ቢጫ ነው፤ ገበታው ላይ የሚቀባው ኬሚካል ሰማያዊና ከእሱ የበለጠ ጉልበት ያለው ብርሃን ስለሚለውጠው ነው። ማሽኑ ሁሉን ይለካል። ቢሆንም ማሽኑ ጠባዩን ሲለውጥ ቀድሞ የሚነቃው ብዙ ጊዜ ከአጠገቡ የሚውለው ሰው ነው።

እኔ ራሴ በአካባቢው በአንድ ማምረቻ ተረኞችን ለዓመታት አስተባብሬአለሁ። የሥራ ቀኑ ዋነኛ ሰዓት ተረኛው ለተረኛ የሚያስረክብባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። «ሁሉ ደህና ነው» ብሎ የሚሄድ አለ። «ማሽኑ ቆጣሪው ላይ ልክ ነው፤ ድምፁ ግን አላማረኝም» የሚልም አለ። ሁለተኛው ሰው እንዲናገር የሚያደርገው አለቃው ነው። ከዚህ በፊት ተናግሮ ከተሳቀበት ዳግመኛ አይናገርም። በተለይ በዕብራይስጡ የሚሸማቀቅ ሰው፣ ዓረፍተ ነገሩን በልቡ ሲያዘጋጅ የማስረከቢያው ሰዓት ያልቃል። መሪ ከሆናችሁ ጠብቁት። ጸጥ ማለት ነገር ማጣት አይደለም፤ ከእኛ ሰው ዘንድ ብዙ ጊዜ ጨዋነት ነው።

መሪነትን ከማዕረግ ጋር ብቻ ለሚያያይዙ ሰዎች ሁልጊዜ የምጠቅሰው ፈረደ አክሉምን ነው። መምህር ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ሸሽቶ ሱዳን ገባ፤ ከካርቱም ሆኖም እርዳታ እየጠየቀ ደብዳቤ ጻፈ። የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰው ዳኒ ሊሞር ፈልጎ አገኘውና አብረው በስደተኛ መጠለያዎች ውስጥ ወገኑን ይፈልጉ ጀመር። ራሱን አድኖ መሄድ ሲችል እዚያው ቆየ፤ አገር ቤት ላሉት መንገዱ በሱዳን በኩል እንደሆነ መልእክት ላከ። በ2009 ሲሞት የተቀበረው በቤርሳቤህ ነው። ይህን ሁሉ ሲጀምር ምንም ሹመት አልነበረውም፤ የነበረው ሕዝቡ የት እንዳለና በየትኛው መንገድ መጓዝ እንደሚችል ማወቁ ነው።

ሌላው የመሪነት ትምህርት ቤታችን ሽምግልና ነው። ሽማግሌ የአንዱን ወገን አቤቱታ ሲሰማ አያቋርጥም። የሁለተኛውን ሳይሰማ ፊቱ ላይ እንኳ ፍርድ አያሳይም። ነገር ሲከር ቀጠሮ ይሰጣል፤ ቁጣ ባደረበት ቀን ፍርድ አይሰጥም። ካስታረቀ በኋላም ዋስ ይጠራል፤ ዕርቁ መጠበቁን የሚከታተል ሰው አለ ማለት ነው። በሥራ ቦታ ሁለት ባልደረቦች ሲጋጩ በዚያው ሰዓት በአንድ ኢሜይል ለመፍረድ የሚጣደፉ አለቆች ይህን ቢማሩ ምንኛ በተጠቀሙ። ሽምግልናን የአዛውንት ወግ ብቻ ነው ብለው የተዉት ወጣቶቻችን፣ እንዲህ ያለውን የመሪነት ክህሎት በኮርስ ሊማሩ ገንዘብ ሲከፍሉ ማየቴ ያሳዝነኛል።

አንባቢዎቼ፣ በዚህ ሳምንት ሁለት ሰው ጠይቁ። አንደኛው ከእናንተ በታች የሚሠራ ወይም አብሯችሁ የሚውል፣ ከዚህ ሥራ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር የማታውቁት ሰው ይሁን። ሁለተኛው ከቤታችሁ ይሁን፤ እናታችሁን፣ አያታችሁን ወይም የሠፈራችሁን አዛውንት ስለ ብረቱ፣ ስለ ድርና ማጉ፣ ስለ ሸክላው ጠይቁ፤ የሚሉትንም በራሳቸው ቃል ጻፉት። ከጎንደር አካባቢ፣ ከወለቃና ከአምቦበር መንደሮች ይህን ሙያ በእጃቸው ይዘው የመጡት ሰዎች አርጅተዋል። ዛሬ ነገ ሳትሉ ጠይቋቸው።