የዱቄት ሳሙና ኢንዛይምና የድሬዳዋ ሙቀት

በድሬዳዋ ቀፊራ ወይም ታይዋን ገበያ የዱቄት ሳሙና በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ከእሽጉ ጀርባ «ኢንዛይም» የሚል ቃል ካየ፣ ብዙ ከማዘዙ በፊት መጋዘኑን ቢያስብ ይበጀዋል። ኢንዛይም ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያመርቱት ፕሮቲን ሲሆን የደም፣ የወጥና የቅባት እድፍን ሰባብሮ ከልብስ ያስለቅቃል። በበረዶ ምድርና በጥልቅ ባሕር ከሚኖሩት ተሕዋስያን የሚገኘው ዓይነት ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ ስለሚሠራ የማሞቂያ ወጪን ያስቀራል።

ለማምረት ፋብሪካውን ማቀዝቀዝ የግድ አይደለም። የኢንዛይሙን ዘረ መል ቶሎ ወደሚራባ ባክቴሪያ ወይም ሻጋታ አዛውሮ በትላልቅ ጋኖች ማብላላት የተለመደ ነው። ወጪ የሚበላው የተሕዋስያኑ ቀለብ ነው። አማረ ገሰሰ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት የኑግ ፋጉሎ ለዚህ በርካሽ እንደሚያገለግል አሳይተዋል፤ ባክቴሪያው ግን ቅዝቃዜ ሳይሆን አልካሊ ወዳድ ነበር። ፋጉሎ ለከብት መኖ ብቻ ለሚሸጡ ዘይት ጨማቂዎች ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም።

ችግሩ ቅዝቃዜ የለመዱት አብዛኞቹ ኢንዛይሞች ቅርጻቸው ልል በመሆኑ በሙቀት ቶሎ መፍረሳቸው ነው። አምራቾች በሽፋን ቢያጠነክሯቸውም፣ በሰኔ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወራት የከረመና እርጥበት የነካው ካርቶን ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። አረፋው ከሌላ ንጥረ ነገር ስለሚመጣ አይቀንስም። ስለዚህ የምርቱን ቀን መጠየቅ፣ ጥቂት ጥቂት ማስገባት፣ ካርቶኑንም ከወለልና ከፀሐይ ማራቅ ያስፈልጋል።